ባር ስቱሉ 75 ይሁን 65? መጀመሪያ ካውንተሩ ስንት ላይ እንደሚያርፍ እንወቅ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ላይ ቤት እየሠራን ነው። ኩሽናውና ሳሎኑ ክፍት ነው፤ መሃላቸው ላይ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 የሆነ ካውንተር ተገንብቷል። ግንበኛው ከባዶው ኮንክሪት ወለል እስከ ላይ ሲለካው 98 ሳንቲም መጣ። ሴራሚኩም ግራናይቱም ገና ነው። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ቁመቱ 75 የሆነ ባር ስቱል (ረጅም የካውንተር ወንበር) በቅናሽ አግኝቻለሁ፤ አራት ልግዛ? እኔ 1 ሜትር ከ60 ነኝ፣ ባለቤቴ 1 ከ85 ነው። ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነው። እናቴም ከመንዝ ሞላሌ እየመጣች ትሰነብትብናለች። እዚሁ ማሠራትስ ይሻላል? መደገፊያ ያለው ነው የሌለው የሚመረጠው?»

መልስ፦ አይግዙ። ቢያንስ ዛሬ አይግዙ። 75 ለእርስዎ ካውንተር ይበዛል።

ሥራው ተጠናቆ ሲያልቅ ካውንተርዎ 96 ሳንቲም አካባቢ ላይ ያርፋል ብዬ እገምታለሁ። ለእሱ ልክ የሚሆነው የመቀመጫ ቁመት 68 ነው። ተሠርቶ ከሚሸጠው ይምረጡ ከተባለ 65ቱ ከ75ቱ በብዙ ይሻላል። አራት ያሉትም ሦስት ይሁን። ቅናሹ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። አራት ወንበር ጭኖ አምጥቶ፣ «አልሆነኝም» ብሎ መልሶ መጫን ቅናሹን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ።

ሰው ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው የወንበሩን ቁመት ነው። እኔ የምጠይቀው ከመቀመጫው እስከ ካውንተሩ ገጽ ስንት እንደሚቀር ነው። ይህ ክፍተት ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ሲሆን ሰው ተመችቶት ይቀመጣል። ከ25 ካነሰ ጭን ካውንተሩ ስር አልገባ ይላል፤ ሰውየው ወደ ኋላ ይርቅና ወደ ሳህኑ ያጎነብሳል። ከ30 ብዙ ካለፈ ደግሞ ክርን ለማሳረፍ ትከሻ ሽቅብ ይነሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ማጅራት መያዝ ይጀምራል።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልዎት አሁን ያሉበት ቤት ያለውን የምግብ ጠረጴዛ ይለኩ። ብዙውን ጊዜ 75 ሳንቲም ነው። ወንበሩ 45 ነው። ልዩነቱ 30 ነው። ዕድሜዎን ሙሉ በዚህ ክፍተት ሲበሉ ኖረዋል። ባር ስቱል ይህንኑ ክፍተት ይዞ ሽቅብ መውጣት ማለት ነው።

አምራቾቹም የሚሠሩት በዚሁ ሂሳብ ነው። በውጭ አገር የኩሽና ካውንተር የተለመደው ቁመት 36 ኢንች ነው፤ ወደ 91 ሳንቲም ይመጣል። ለእሱ የሚሠራው ወንበር መቀመጫው ከ61 እስከ 66 ነው። የቡና ቤት ዓይነቱ ባንኮኒ ደግሞ 40፣ 42 ኢንች ይሆናል፤ ከ102 እስከ 107 ሳንቲም ማለት ነው። ለእሱ ከ71 እስከ 76 ይሠራል። ሱቅ ውስጥ 65 እና 75 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ደጋግመው የሚያጋጥሙዎት ለዚህ ነው። ችግሩ እኛ አገር ሁለቱም «ባር ስቱል» ተብለው ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ሻጩም ገዢውም ልዩነቱን ልብ ሳይሉት ዕቃው ተጭኖ ይሄዳል።

የእርስዎ ካውንተር ታዲያ ከሁለቱም የለም። መሃል ላይ ነው የወደቀው። እንዴት 96 እንዳልኩ ላሳይዎት።

ግንበኛው የለካው ከባዶው ኮንክሪት ነው። ወለሉ ላይ ሊሾው ተጥሎ ሴራሚኩ ሲለጠፍ አምስት ሳንቲም ገደማ ከፍ ይላል። አንዳንድ ቤት ወለሉ ውሃ ልኩን ስቶ ስለሚፈስ፣ ለማስተካከል ሲባል ሰባትና ስምንት ሳንቲም የሚደርስበት ጥግ አለ። ወለሉ ከፍ ሲል ካውንተሩ ያጥራል። 98 የነበረው 93 ይሆናል። ከላይ ደግሞ ግራናይቱ አለ። ግራናይቱ ራሱ ሁለት ሳንቲም ነው፤ ከስሩ ያለው ማጣበቂያና ሲሚንቶ አንድ ይጨምራል። 93 ሲደመር 3፣ 96 ይመጣል።

ይህ ግምት ነው። እውነተኛውን ለማወቅ ሴራሚክ የሚለጥፈውን ሰው ይጥሩና ካውንተሩ የቆመበት ቦታ ላይ የተጠናቀቀው ወለል ስንት ላይ እንደሚያርፍ በውሃ ልክ ግድግዳው ላይ ያስምሩ። በር ላይ ወይም ሳሎን መሃል ያስመሩት አይጠቅምም፤ ወንበሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይሁን። ከዚያ መስመር ተነስተው ይለኩ። ሁለት ሳንቲም የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ሁለት ሳንቲም ትታወቃለች።

እንግዲህ 75ቱን ወንበር 96ቱ ካውንተር ስር እናስገባው። ክፍተቱ 21 ሳንቲም ነው። ይህ እስከ ገጹ ነው። ግራናይት ሠሪዎች ወፍራም እንዲመስል የፊቱን ጠርዝ ደርበው አራት ሳንቲም ያደርጉታል፤ እርስዎም ሳይጠይቁ እንዲህ ሆኖ ሊመጣልዎት ይችላል። 21 ሲቀነስ 4፣ 17 ሳንቲም ቀረ። የትልቅ ሰው ጭን ሲቀመጥ 15 ሳንቲም ገደማ ውፍረት አለው፤ ደልደል ያለ ሰው ከ18 ያልፋል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ ይጨምሩበት። ባለቤትዎ አይገባም። ቢገባም እግሩን ማንቀሳቀስ አይችልም።

65 ሲሆን ክፍተቱ 31 ነው። ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ሰው ይለምደዋል። እርስዎ ምናልባት ካውንተሩ ከፍ ያለ ይመስልዎት ይሆናል፤ ቀጭን ትራስ ጣል ሲደረግበት ልክ ይመጣል። 68 ከሆነ 28 ይቀራል፤ እሱ ነው ልኩ። እንግዲህ ዝቅ ያለ ወንበር በትራስ ይታረማል። ከፍ ያለውን ግን እግሩን ካልቆረጡት በቀር ምንም አያደርጉትም።

«ካውንተሩን አፍርሼ 90 ላድርገው ወይ?» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። በኩሽናው በኩል ምን ይሠራበታል? ሽንኩርት የሚከተፍበትና ሊጥ የሚታሸበት ከሆነ 96 ለእርስዎ ቁመት ከፍ ይላል። ቆመው ሲሠሩ የሥራው ገጽ ከክርንዎ አሥር፣ አሥራ አምስት ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። የእርስዎ ክርን አንድ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 86፣ 88 ይስማማዎታል። ዋናው የሥራ ቦታ በግድግዳው በኩል ካለና ይህኛው ለመቀመጫና ለማቅረቢያ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አይንኩት። ደህና ግንብ አፍርሶ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ቁመቱን እዚህ ላይ ልተወውና ብዙ ሰው ዞር ብሎ ወደማያየው ነገር ልሂድ። እግር ማሳረፊያው ነው። እኔ ባር ስቱል ስመርጥ ከመቀመጫው ቀጥሎ የማየው እሱን ነው።

68 ሳንቲም ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ መሬት አይነካም። እግር ደግሞ ይከብዳል። ተንጠልጥሎ ሲቆይ ክብደቱ በሙሉ የመቀመጫው ጠርዝ ላይ፣ ጭን ስር ይጫናል። ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ እግር ይደነዝዛል። ሰውየው ይቁነጠነጣል፤ ተረከዙን ወንበሩ እግር ላይ ሊሰካ ይሞክራል። በመጨረሻ ተነስቶ ሶፋው ላይ ይሄዳል። «ባር ስቱል አይመችም» የሚሉ ሰዎችን ወንበር አይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ማሳረፊያው ያለቦታው የተበየደ ነው።

ቦታው ከመሬት አይለካም። ከመቀመጫው ወደ ታች ነው የሚለካው፤ ከ40 እስከ 45 ሳንቲም። ለእርስዎ 40 ይበቃል፤ ለባለቤትዎ 45 ይሻላል። 43 ላይ ካደረጉት ሁለታችሁም ትስማማላችሁ። መቀመጫው 68 ከሆነ ማሳረፊያው ከመሬት 25 ላይ ይመጣል ማለት ነው።

ለልጅዎ ግን ይህ ሩቅ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ ሠላሳ ሳንቲም ባይሞላ ነው። እግሯ ይንጠለጠላል፣ ትወዛወዛለች፣ ከዚያ ካውንተሩን በእግሯ ትገፋለች። ወንበር የሚገለበጠው ያን ጊዜ ነው። የሚያሠሩ ከሆነ ለአንዱ ወንበር ሁለተኛ ማሳረፊያ ከመቀመጫው 30 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይበየድለት። እሷም እንደ መሰላል ትወጣበታለች። የእሷ ወንበር በምንም ዓይነት የሚሽከረከር አይሁን።

የሚሽከረከረውን ካነሳሁ አይቀር፣ ያን ፓምፕ ያለውን ማለቴ ነው። በአንድ እግር ቆሞ ከታች ክብ ብረት ያለው፣ እጀታውን ሲስቡት ከፍና ዝቅ የሚለው። ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ይሄዳል። ቁመቱ ግራ ለገባው ካውንተር ጥሩ መላ ነው፤ አልዋሽም። እንደ እርስዎ 96 ላይ ለወደቀው ሰው ሻጩ የሚያቀርብልዎት እሱን ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አልወድለትም። አንደኛ፣ በአንዳንዱ ላይ የእግር ማሳረፊያው ከታችኛው ምሰሶ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መቀመጫው ሲነሳ አብሮ አይነሳም። ስለዚህ ቁመቱ ይስተካከላል፣ እግርዎ ግን ቦታውን ያጣል። ሁለተኛ፣ ነጠላና ጋቢ ያለበት ቤት ውስጥ የሚሽከረከር ወንበር ጣጣ ነው። የጋቢው ጫፍ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል፤ ሰው ሲነሳ ወንበሩን ይዞ ይነሳል። ግድ ከሆነብዎ የታችኛው ክብ ብረቱ ሰፊና ከባድ መሆኑን አንስተው ይሞክሩት። በአንድ እጅ እንደ ላባ ብድግ የሚል ከሆነ ይተዉት።

አሁን አራቱ ለምን ሦስት እንደሆኑ። አንድ ሰው ካውንተር ላይ ክርኑን ዘርግቶ ለመብላት 60 ሳንቲም ይፈልጋል። ከአንዱ ወንበር መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ማለት ነው። እጀታ ያለው ከሆነ 70 ይሻለዋል። 2 ሜትር ከ10ን ለአራት ቢያካፍሉት 52 ይደርሳቸዋል። ወንበሮቹ ይገቡ ይሆናል፤ ሰዎቹ ግን ክርን ለክርን ይጋጫሉ። ለሦስት ሲሆን 70፣ 70 ነው፤ እንደ ልብ ነው። የአራተኛውን ገንዘብ የእግር ማሳረፊያው ላይ ያውሉት።

ከወንበሮቹ ጀርባ ደግሞ መተላለፊያ ያስፈልጋል። ሰው ተቀምጦ እያለ ሌላው ትሪ ይዞ የሚያልፍ ከሆነ ከካውንተሩ ጠርዝ እስከ ሶፋው ወይም ግድግዳው አንድ ሜትር ከ10 ቢኖር መልካም ነው።

ግራናይቱ አለመቆረጡ ትልቅ ዕድል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አሁኑኑ ይንገሯቸው። በሳሎኑ በኩል ግራናይቱ ከግንቡ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ጉልበት የሚገባው እዚያ ስር ነው። ብዙ ቤት የማየው አምስትና አሥር ሳንቲም ብቻ ወጥቶ ነው። ሰው ተቀምጦ ጉልበቱ ግንቡን ይመታል፤ ወይ ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል። ለባንኮኒ ቁመት 30 ሳንቲም፣ ለ91ዱ ካውንተር 38 ቢወጣ ነው የሚመከረው። ለእርስዎ 35 ይበቃል።

ግን ሁለት ሳንቲም ውፍረት ያለው ግራናይት 35 ሳንቲም በባዶ አየር ላይ አይቆምም። ሰው ተደግፎ ሲነሳ ይሰነጠቃል። ከስሩ ብረት ያስፈልገዋል። ብረቱ ከግንቡ ላይ ወጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ግራናይቱ ስር ይተኛ። ሦስት ማዕዘን ሠርተው እንዳይበይዱልዎት፤ ያ የጉልበት ጠላት ነው። ቦታቸውም በወንበሮቹ መካከል ይሁን እንጂ ፊት ለፊት አይሁን።

እናትዎን በተመለከተ አስተያየቴን በግልጽ ልንገርዎት። ባር ስቱል ላይ አያውጧቸው። ጉልበት ለያዘው ሰው 68 ሳንቲም መውጣትም መውረድም ፈተና ነው። ሲወርዱ እግራቸው ማሳረፊያውን ይስታል፤ ከስር ያለው ደግሞ ሙልጭልጭ ሴራሚክ ነው። ቀሚሱና ነጠላውም አለ። ለእሳቸው 45 ሳንቲም የሆነ፣ ክንዳቸውን አስደግፈው የሚነሱበት እጀታ ያለው ወንበር ከካውንተሩ አጠገብ ያኑሩ። ቦታ ካለ ደግሞ ከካውንተሩ ጫፍ ላይ 75 ሳንቲም የሆነች ትንሽ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ማስቀጠል ይቻላል። ግንበኛውም ግራናይት ሠሪውም ገና እዚያው ናቸውና ወጪው ያን ያህል አይደለም። ልጅዎም የቤት ሥራዋን ትሠራበታለች።

ከዚህ ጋር የማይነገር ሌላ ነገር አለ። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ መሬት ላይ ነው። የምታፈላዋ ሴት በርጩማ ላይ ናት። እናት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ናቸው። እኛ ደግሞ ባር ስቱል ላይ ተሰቅለን ከላይ ወደ ታች እያየናቸው «አቦል ደረሰ?» እንላለን። ለእኔ አይመጣልኝም። አዋቂ ሰው ከስር አስቀምጦ ከላይ መቀመጥ እኛ ዘንድ ደስ አይልም። ካውንተሩ የጠዋት ሻይና ዳቦ፣ የልጅ ቁርስ፣ ምግብ እስኪደርስ ከባለቤት ጋር ወሬ ይሁን። እንጀራ በአንድ ትሪ ቀርቦ በጋራ ሲበላ ግን ካውንተር አይሆንም። ሦስት ሰው በአንድ መስመር ተደርድሮ ከአንድ ትሪ መጉረስ አይችልም፤ የጫፍና የጫፉ ሰው እጃቸው አይደርስም። መሶቡን ወይም የምግብ ጠረጴዛውን «ካውንተር አለን» ብለው እንዳይተዉት።

ማሠራቱን በሚመለከት፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን ደብረ ብርሃን ብየዳ ቤት አሠራው ነበር። 68 ሳንቲም ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ በያጅ ግን የፈለጉትን ይቆርጥልዎታል። ባለ 25 በ25 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ይበቃል፤ ውፍረቱ አንድ ነጥብ አምስት ሚሊ ይሁን። ስስ የሆነው ሲበየድ ይበሳል፤ ቆይቶም ይንቃነቃል። እግሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ ትንሽ ይከፈቱ። መቀመጫው 38 በ38 ከሆነ ከታች 45 በ45 ቢሆን ለመገልበጥ አይቸኩልም። ማሳረፊያው ክብ ብረት ባይሆን ይሻላል፤ ባዶ እግር ላይ ይቆረቁራል። ከሁሉ ቀድሞ ቀለሙ የሚላጠው እሱ ላይ ስለሆነ የፊተኛውን ብቻ በስቴንለስ ያሠሩት። ጎማ ጫማው አይረሳ፤ አለበለዚያ አዲሱ ሴራሚክ በሳምንቱ ይጫጫራል።

አንዱን ብቻ አስቀድመው ያሠሩ። እግሩም ሦስት ሳንቲም ያህል ተርፎ ይምጣ። ሴራሚኩም ግራናይቱም ካለቀ በኋላ ቤት አምጥተው ይቀመጡበት፤ ባለቤትዎም ይቀመጡ። ከዚያ በልካችሁ ያስቆርጡት። ከስር ሲቆረጥ ከመቀመጫው እስከ ማሳረፊያው ያለው ርቀት አይለወጥምና አይስጉ። ሌሎቹ ሁለቱ በእሱ ልክ ይሠሩ። ለማስረዘም ብሎ እግሩ ስር እንጨት ወይም ጎማ መደረብ ግን በጭራሽ አይሞከርም።

መቀመጫው እንጨት ይሁን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ብረት ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ባሕር ዛፍ በአካባቢያችን ሞልቷል፤ ርካሽም ነው። ግን በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። እንጨቱን አንስተው ይመልከቱት። እርጥቡ ይከብዳል፤ ሲነኩትም ይቀዘቅዛል። ጫፉ ላይ የተከፈተ ስንጥቅ ካዩ ሌላ ይምረጡ። ዋንዛ ካገኙ ከየት እንደመጣ ይጠይቁና ይውሰዱ፤ ለመቀመጫ የሚወዳደረው የለም።

ስፖንጅ የሚያስለብሱ ከሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አምስት ሳንቲም ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት ሁለት፣ ሦስት ሳንቲም ይሰምጣል። በያጁና ወንበር አልባሹ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ 68 ብሎ ብረቱን ይሠራል፣ ሌላው ስፖንጁን ይጨምርበታል። ስለዚህ ትእዛዙ ላይ «68፣ ሰው ተቀምጦበት» ብለው ያጽፉ። ሱቅም ሲገዙ እንዲሁ ሜትር ይዘው ይሂዱ። የተለጠፈው ቁጥር አንዳንዴ እስከ መደገፊያው ጫፍ ያለው ጠቅላላ ቁመት ነው፤ 95 ተብሎ የተጻፈበት ወንበር መቀመጫው 65 ሊሆን ይችላል።

ከስፖንጅ ይልቅ እኔ አጎዛ እወዳለሁ። ከመንዝ የመጣ ደህና የበግ አጎዛ በመቀመጫው ልክ ተቆርጦ ከስር በጠፍር ሲታሰር ይሞቃል፤ ጸጉሩ ተጭኖ የሚጨምረውም አንድ ሳንቲም ቢሆን ነው። እናትዎ ከሞላሌ ሲመጡ ይዘውልዎት ይምጡ። ሳይታሰር ግን እንዳይጣል፤ ከእንጨቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ለልጅ አደጋ ነው። ይህን ያልኩት ለደጋው ነው። ጣርማ በርን አልፈው ሸዋ ሮቢት ወርደው ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ሌላ ምክር ነው የምሰጠው፤ እዚያ ሙቀቱ ላይ ሌዘር ከላብ ጋር ይጣበቃል፣ አጎዛማ አይታሰብም። ባዶ እንጨት ይበቃቸዋል።

የቀረው መደገፊያው ነው። ለአሥር ደቂቃ ሻይ የሌለው ይበቃል፤ ካውንተሩ ስር ጠለቅ ብሎ ስለሚገባም ብዙ ቦታ አይዝም። ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰውና ልጅ ካሉ ግን ያለው ይሻላል። ለእርስዎ ሁለቱን ወንበሮች ያለ መደገፊያ፣ የልጅዎን ከመደገፊያ ጋር ያሠሩ። ከመቀመጫው ከ20 እስከ 22 ሳንቲም ከፍ ቢል ወገብ ይይዛል። ያ ማለት ጫፉ ከመሬት 90 ላይ ይመጣል። የግራናይቱ ጠርዝ ተደርቦ አራት ሳንቲም ቢሆን እንኳ ከስር 92 ላይ ነው። ስለዚህ ማታ ወንበሩ ተገፍቶ ሲገባ መደገፊያው ጠርዙን አይመታም። በያጁ «ትንሽ ከፍ ላድርገው፣ ያምራል» ቢልዎት እሺ አይበሉ።